የወይራ አምባ ጉባኤ ቤት የተበተነ ጊዜ

የካቲት 12 ቀን 1966፣ መካነ ሰላም

ትምህርት ቤቱ ዛሬ ተዘጋ። በአገሩ ሁሉ መምህራን አድማ መተዋል፤ እኛም መታን። ልጆቹን ወደ ቤታችሁ ሂዱ ስንላቸው ብዙዎቹ ግቢው ውስጥ ቁጭ አሉ። ቤታቸው ቢሄዱም የሚጠብቃቸው ምሳ የለም።

ሥራ ስፈታ እግሬ ወደ ወይራ አምባ ወሰደኝ። ከከተማው በላይ ያለው የቅኔ ጉባኤ ቤት ነው፤ ከአያቶቻችን ጊዜ ጀምሮ ከላስታም ከጎጃምም ተማሪ ሲጎርፍበት የኖረ። ተማሪው የሚያድረው ከየቤታችን ለምኖ በሚያገኘው ቁራሽ ነበር። አምና ክረምት ሕዝቡ የሚሰጠው ሲያጣ ጉባኤው ተበተነ። ገሚሱ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ገባ፤ ገሚሱ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም።

ጎጆዎቹ ወድቀዋል። የጣሪያቸውን ሣር ለከብት ወስደውታል። ያች በሯ ወደ ከተማው የሚያይ ጎጆ ብቻ ግድግዳዋ ቆሟል። የአድማሴ ነበረች፤ ከተማሪዎቹ አንዱ። እንዲሁ ትዝ ብሎኝ ነው የጻፍሁት።

መምህሩ የኔታ ክንፈ ግን አሁንም እዚያው አሉ። ዓይናቸው ደክሟል። እህታቸው እማሆይ ፈንታዬ ያስታምሟቸዋል።

“ማነሽ?” አሉኝ።

“አልታዬ ነኝ የኔታ። የቦጋለች ልጅ፣ አስተማሪዋ።”

“እጇ የማያጥረው ቦጋለች! እንኳን መጣሽ። እዚህ ጸጥታው ገደለኝ። ታውቂያለሽ ምን እንደናፈቀኝ? ተማሪ ሲሳሳት መስማት።”

ስወርድ መንገዱ ረዘመብኝ።

የካቲት 15

ጋሼ በላይ ዘንድ ሄድሁ። ልብስ ሰፊ ነው፤ በጉብዝናው ወይራ አምባ ቅኔ ቆጥሮ ኋላ ትዳር ይዞ የቀረ። ያየሁትን ስነግረው የስፌት መኪናውን መዘውር በእጁ ያዘና አቆመው።

“የኔታ ሲያልፉ ምን ይተርፋል?” አለ። “ማን ከማን እንደተማረ፣ የጎጆው ሕግ፣ የተማሪው ጨዋታ፣ ይህ ሁሉ ያለው በሳቸው ራስና በየሰዉ አፍ ነው።”

“እንሰብስበዋ” አልሁ። ለምን ቶሎ እንዳልሁት እንጃ።

ማኅደር እንበለው ተባባልን። የመንግሥት አይደለም፤ የቤተ ክህነትም አይደለም፤ ቁራሽ የሰጠ ሕዝብ የሚጠብቀው። ዕቃውንም ታሪኩንም ይዞ የመጣን እንቀበላለን። ግን የት እናስቀምጠው ስንል ከጎን ያለው ነጋዴ አያ አራጌ ብቅ አሉ። ግድግዳው ስስ ነው፤ ሁሉንም ሰምተውታል።

“የእህል መጋዘኔ ባዶ ነው” አሉ። “አይጥም ትቶት ሄዷል። ውሰዱት።”

“አያ አራጌ፣ የክርስቲያን ጉባኤ ቤት እኮ ነው” አለ በላይ፤ እንዳይቀየሙ ፈርቶ።

“አባቴ ጨው ይሰጥ የነበረው ለማን ነው? በደጃችን ቆመው ሲመርቁት እየሰማሁ ነው ያደግሁ፣ ወላሂ። ሃይማኖቱ የናንተ ይሁን፤ ድምፁ ግን የኔም ነው።”

ቁልፉን ለኔ ሰጡኝ።

የካቲት 21

ካቢኔው ወረደ። ሰው ሬድዮ ባለበት ቤት ደጃፍ ተኮልኩሏል። አብሮኝ የሚያስተምረው፣ ያለው የሚባለው ልጅ፣ ከደስታው ብዛት የማያውቀውን ሁሉ ያቅፋል።

እኔ መጋዘኑን ስጠርግ መጣና በሩ ላይ ቆመ። “አገር እየተወለደ አንቺ የሞተ ነገር ትሰበስቢያለሽ። ጉባኤ ቤት ምንድን ነው? ያረጀው ሥርዓት ቅሪት አይደለም?”

መጥረጌን ቀጠልሁ። ስመለስ ከኩታበር በኩል ረሃብ ያሳደዳቸው ሰዎች ግንብ ተደግፈው አየሁ። አንዲት ሴት ውኃ ለመነችኝ። በእጄ የያዝሁት ሰው የሰጠኝ የድሮ ተማሪ መቋሚያ ነበር። ውኃ አምጥቼ ሰጠኋት። መቋሚያውን ከኋላዬ ደበቅሁት። ምን እንደሚያሳፍረኝ አላውቅም፤ ግን አፈርሁ።

የካቲት 29

ሰው ይመጣል። አላመንሁም ነበር። አንዱ የተማሪ ደበሎ፣ አንዱ የቁራሽ መያዣ አኮፋዳ፣ አንዱ ጉባኤ ሲጠራ ይመታ የነበረውን ደወል ድንጋይ ይዞ መጣ። ምንም የሌላቸው ደግሞ ወሬ ይዘው ይመጣሉ። ወይዘሮ በለጡ የሚባሉ ባልቴት ስለ ውሻቸው አወሩልን። ውሻው ሌላውን ሰው ሁሉ ይነክሳል፤ ተማሪ ሲመጣ ግን ይተኛል። ለካ ተማሪዎቹ ከሳቸው የተቀበሉትን ቁራሽ ከፍለው ለሱ እየሰጡ ኖሯል። “ሳላውቅ ውሻዬን ቅኔ ቤት አስገብተውታል” አሉ። በላይ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ውሻው አሁን የት አለ ሲላቸው ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። እኛም አልደገምን።

ሁሉንም መጨረሻ ላይ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ አምና የነበሩትን ተማሪዎች ታስታውሳላችሁ? ማኅደሩ እንዲሟላ ነው። አንድ የወግዲ ገበሬ፣ “ያ ረጅሙ? አድማሴ? ያንቺን እናት ደጅ የሚያዘወትረው?” አለኝ።

“ረጅም” ብዬ ጻፍሁ። ሌላውን አልጻፍሁትም። ለታሪክ አይጠቅምም።

በላይ አቀርቅሮ ሲሰፋ ቆየ። ስለ አድማሴ ሲነሳ ሁልጊዜ ሥራ ይበዛበታል።

መጋቢት 5

የኔታ እንቢ አሉኝ።

ቅኔያቸውን እየነገሩኝ ልጽፍ ነበር። ወረቀቱን ዘርግቼ ስቀመጥ የብዕሩን ድምፅ ሰሙ መሰለኝ፣ “ወረቀቱን እጠፊው” አሉኝ።

“ለምን የኔታ? ይጠፋል እኮ።”

“ቅኔ ለዕለቱ ነው። ማለዳ ይወለዳል፤ ሲዜም ይውላል፤ ያልፋል። ነገ ሌላ ነው። የሚጻፍ ለሙት ነው። ጉባኤዬ ሞቷል ልትይኝ ነው የመጣሽ?”

“አልሞተም የኔታ። ሄደ እንጂ።”

“የሄደ ይመጣል ትያለሽ?”

“ይመጣል እላለሁ።”

ወደ ድምፄ ዞሩ። የማያዩ ዓይኖች ሲመለከቱ ይጨንቃል። “እንግዲያ የሚመጣውን ጠብቂ፤ ለምን ትጽፊያለሽ?” አሉ።

እማሆይ ፈንታዬ የተቆላ ባቄላ ዘግነው ሰጡኝ። የነሱ ራት እንደሆነ አውቃለሁ። ተቀበልሁ፤ አለመቀበል አይቻልም። እየወረድሁ ለመንገደኞቹ ሰጠሁት።

መጋቢት 13

ዝናብ። ሌሊቱን ሁሉ በረዶ የቀላቀለ። ሰዉ ውጭ ነው ያደረው። ወደ ጎጃም የሚያልፉት በዝተዋል፤ መሄድ የቻለ ይሄዳል፣ ያልቻለ እዚሁ ነው። ዛሬ ጧት ግንቡ ሥር አንድ ሽማግሌ አልነቃም።

አያ አራጌ መጡ። “መምህርት፣ አፉ በይኝ” አሉ። “የሰጠሁትን ልወስድ ነው። ሰዎቹን መጋዘኑ ውስጥ ላስገባ።”

እሺ ለማለት አፌን ስከፍት በላይ ቀደመኝ። “ዕቃው የት ይውደቅ? ገና አሁን መሰብሰቡ ነው። አንዴ ከወጣ ተመልሶ አይገናኝም።”

“በላይ፣ ሰው ነው።”

“እኔስ ድንጋይ ነው አልሁ? ልጅነቴ ነው እዚያ ውስጥ ያለው።” ወጥቶ ሄደ።

ቁልፉ በኔ እጅ ነበር። ሰጠኋቸው። ደጉ ነገር እሱ እንደሆነ አውቃለሁ። ታዲያ ለምን የራሴን ቤት ያስረከብሁ መሰለኝ? ሰው በብርድ እያለቀ እኔ ስለ ደበሎና ስለ ድንጋይ አዝናለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ።

መጋቢት 14

በችኮላ። ዕቃውን በዝናብ አወጣን። ያለው ሳንጠራው መጣ፤ ከላይ እስከ ታች በስብሶ ተሸከመ። “በሐሳብሽ አልተስማማሁም፤ ዕቃው ከባድ ስለሆነ ብቻ ነው” አለኝ።

ወዴት ስንል ወይዘሮ በለጡ አኮፋዳውን ከእጄ ወሰዱት። “እኔ ቤት ይደር” አሉ። ሌላዋ ደበሎውን ወሰደች። ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቀም። ተማሪውን ቁራሽ ይሰጡ የነበሩት ቤቶች ዕቃውን ተካፈሉት። ታሪኩንም የወሰደው ቤት ይጠብቅ፤ የጠየቀ ሁሉ ሄዶ ይስማ ተባለ። እኔ የጻፍሁት እኔ ዘንድ ይቆይ።

በላይ መጨረሻ ላይ ከሱቁ ወጣ። አያ አራጌን አላያቸውም። ደወል ድንጋዩን ብድግ አድርጎ በትከሻው ቤቱ ወሰደው። ማታ ግን የነበሩትን ቁራጭ ጨርቆች ሁሉ ገጣጥሞ ሰፍቶ ለመጋዘኑ ሰዎች ልብስ አደረገላቸው። አያ አራጌም፣ “አላህ እጅህን አይንሳን” አሉት። ያ ዕርቅ ሆነ።

ሚያዝያ 7

ትናንት ፋሲካ ነበር። ዶሮ የታረደበት ቤት ጥቂት ነው።

የኔታ ይጠሩሻል አሉኝ። ስደርስ ተኝተዋል፤ አልተነሡም። “ያን ወረቀትሽን አምጥተሻል?” አሉኝ።

“አምጥቻለሁ የኔታ። ግን እንቢ ብለው ነበር።”

“መጋዘኑን ለነፍስ ለቀቃችሁ አሉ። ለሰው ቦታ የሚለቅ ነገር ቢጻፍ አይጎዳም። ጻፊ።”

እስኪደክማቸው ጻፍሁ። የመምህራኑን ሐረግ፣ ከማን ማን እንደተቀበለ። ነገም እመጣለሁ። ትምህርት ቤት ተከፍቷልና ከሰዓት በኋላ ነው የምመጣው።

ሚያዝያ 15

በየቀኑ እወጣለሁ። የራሳቸውን ቅኔ ትተው የተማሪዎቻቸውን ነው የሚነግሩኝ። ሁሉንም በቃላቸው ይዘውታል፤ የሠሩት ልጆች ራሳቸው ረስተውት ይሆናል።

ዛሬ አንድ ጉባኤ ቃና፣ ባለ ሁለት ቤት ቅኔ፣ ነገሩኝ። በአማርኛ ሲፈታ፣ ሙሴ በተራራው ቆሞ የተስፋይቱን ምድር በዓይኑ አያት፤ እግሩ ግን አልተሻገረም የሚል ነው።

“የማን ነው?” አልኋቸው።

“የአድማሴ። ለስንብት የሠራው ነው፤ በማግሥቱ ሄደ። ሰሙ ሙሴ ነው። ወርቁን ስጠይቀው አልነገረኝም። ተማሪ ወርቁን ሲደብቀኝ ያ የመጀመሪያው ነው።” ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ። “አንቺ ታውቂው እንደሆነ?”

“አላውቅም የኔታ።”

“እሺ። ጻፊው።”

እጄ ስለደከመ ጽሕፈቱ አላማረም። በሌላ ጊዜ እገለብጠዋለሁ።

ሚያዝያ 19

እራት እየሠራሁ ያንን ቅኔ ለእማየ ነገርኋት። እንዲሁ፣ ወሬ ለማሳመር። እማየ የያዘችውን ወንፊት አስቀመጠች።

“በላይ ምንም አላለሽም?” አለች።

“ስለምን?”

“አምና በሰኔ ሽማግሌ ሆኖ መጥቶ ነበር። ለዚያ ልጅ። አንቺን ሊጠይቅ።”

ምጣዱ ላይ ያለው ቆሎ ሲያር ይሸተኛል፤ መነሣት አቃተኝ።

“እንቢ አልሁ” አለች። “ላንቺም አልነገርሁሽ። በላይንም አስማልሁት። ቁራሽ መስጠትና ልጅ መስጠት አንድ አይደለም፤ በዚያ ዓመት ደግሞ። እሱ የሚበላው ከደጄ ለምኖ ነው። ምን ሊያጎርስሽ ነበር? እኔ በክፉ ቀን ስንት ልጅ እንደቀበርሁ ታውቂያለሽ። አንቺ ነሽ የቀረሽኝ።”

አልተቆጣሁም። ልክ ነበረች። እኔም ብጠየቅ እንቢ እል ይሆናል። አዎ፣ እንቢ የምል ይመስለኛል።

ግንቦት 3

የኔታ ክንፈ ዐረፉ። ማለዳ። እማሆይ ፈንታዬ፣ “እያዜሙ ነበር፤ መሐል ላይ ተዉት” አሉ።

ለዓባይ ማዶ ተማሪዎቻቸው በነጋዴዎች መልእክት ተላከ። በላይ ነው የላከው። እንድጨምር የምፈልገው ነገር ካለ ጠየቀኝ። የለም አልሁት።

ግንቦት 27

እማየ አዲሱን ነጠላዬን ለምን እንደማልለብስ ጠየቀችኝ። ለየኔታ አርባ ነው፣ እስከዚያ አላበላሸውም አልኋት። ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ዋጠችው።

ሰኔ 12

የኔታ አርባ ዛሬ ወጣ። ለመጻፍ ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ።

ከጎጃም መጡ። አቧራቸውን ሳያራግፉ በቀጥታ ወደ መቃብሩ ሄዱ። አድማሴ ከፊት ነበር። ጠቁሯል፣ ጺም አውጥቷል፤ ጥምጥም አድርጓል። ቅኔውን ሲያቀርብ ወይራ አምባ ላይ የነበረው ሕዝብ ሁሉ ቀጥ አለ። አያ አራጌ ከግቢው ውጭ ዛፍ ሥር ቆመው ይሰሙ ነበር።

ከዝክሩ በኋላ ሽማግሎች ከበቡት። “ወንበሩን ያዝልን” አሉት። “ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው፤ አዝመራ ከገባ እንሰጣለን። ጉባኤው እንዲነሣ አንተ ና።”

አድማሴም፣ “ባለትዳር ነኝ፤ ቅስናም ተቀብያለሁ” አለ። “በልጅነቴ እንደነበረው በጎጆ አልኖርም። ለባለቤቴ ማደሪያ ከተገኘ እመጣለሁ።”

በከተማው ለትዳር የሚሆን ባዶ ቤት አንድ ነው። ከግቢያችን አጥር ቀጥሎ ያለው የሟቹ አባቴ ቤት። ሁሉም ወደ እማየ ዞሩ። እማየ ግን ወደኔ ዞረች።

“አልታዬ ትበል” አለች። “እኔ አንዴ ብዬ ነበር።”

በላይ መሬት መሬት ያያል። እሱ፣ አድማሴ፣ ቀና ብሎ አየኝ። እንቢ ብል የሚቀየመኝ አልነበረም፤ ጉባኤውም በዚያው ይቀራል።

“ቤቱ አለ” አልሁ። “ጣሪያው በክረምቱ ይታደሳል።”

ሲመሽ ከቤታችን ደጅ ስወጣ አድማሴ መጣ። እንደ ድሮው ከአጥሩ ወዲያ ቆመ።

“የዚያን ጊዜ ነገር፣” አለ፣ “በላይ ነግሮሽ ነበር?”

“እናቴ ነገረችኝ። አሁን በሚያዝያ።”

“በሚያዝያ? የዘንድሮው?”

“አዎ።”

አጥሩን በእጁ ያዘ። “እኔ እኮ እንቢ ያልሽው አንቺ መስለሽኝ ነው የተሻገርሁት።”

ምን ይባላል? አፌ ላይ የመጣልኝን ጠየቅሁት። “ስትሻገር ወንዙ እንዴት ነበር?”

“ገና አልሞላም ነበር” አለ።

ሐምሌ 20

ክረምት። ዓባይ ሞልቷል፤ የሚሄድም የሚመጣም የለም። እነ አድማሴ ሳይሞላ ተመልሰው ጎጃም ገብተዋል።

ጣሪያው ታድሷል። ግድግዳውን እኔና እማየ መረግን። በላይ ሊያግዘን መጥቶ ይቅርታ ለመጠየቅ አፉን ሲከፍት ጭቃ አቀበልሁት።

መስከረም 4 ቀን 1967

ጃንሆይ ወረዱ። ሰው በሹክሹክታ ይናገረዋል፤ ጮኾ ቢናገር የሚመለሱ ይመስል። ያለው፣ አገሩ ሁሉ ተማሪ ቤት ይሆናል ይላል። “የናንተም ጉባኤ ቤት ከሕዝብ ጋር ከሆነ ይኑር” አለኝ፤ ፈቃድ የሚሰጥ እሱ ይመስል። ሳቅሁበት። ከሳቅሁ ቆይቻለሁ።

መጋዘኑ ውስጥ የነበሩት አብዛኞቹ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ያልተመለሱትን አያ አራጌ አስቀብረዋቸዋል። የማን ልጅ እንደሆኑ፣ ከየት እንደመጡ፣ የሚያውቁትን ሁሉ እየነገሩኝ ጻፍሁ። በላይ፣ “ይህ ከማኅደሩ ጋር ምን አገናኘው?” አላለም።

ጥቅምት 22

ትናንት ገቡ። አድማሴ፣ ባለቤቱ ብዙዬ፣ ከኋላቸውም የተማሪ ጭፍራ። ብዙዬ ቀጭን ናት፤ ስትናገር ዓይኗን ዝቅ ታደርጋለች። እማየ እግሯን አጠበቻት።

ዛሬ ማለዳ ከወይራ አምባ የጉባኤው ድምፅ መጣ። በላይ መኪናውን አቁሞ ደጃፉ ላይ ወጥቶ ሲያዳምጥ አየሁት። አንዱ ተማሪ ተሳሳተ መሰለኝ፣ የአድማሴ ድምፅ አረመው።

ከሰዓት በኋላ ብዙዬ መጣች። ተማሪዎቹ ለቁራሽ የሚሄዱባቸውን ቤቶች እንዳሳያት ለመነችኝ። የጉባኤ ቤቱ ዕቃ ያለባቸውም እነዚያው ናቸውና አብረን ዞርን። ወይዘሮ በለጡ የውሻውን ታሪክ እንደገና አወሩላት። ሳቀች። ስትስቅ ቆንጆ ናት።

ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ክንዴን ያዘችኝ። “እታለም፣” አለች፣ “የጉባኤ ቤቱን ነገር ሁሉ የምታውቂው አንቺ ነሽ ብለውኛል። እሱ ስለራሱ አይናገርም። እዚህ ሳለ እንዴት ያለ ሰው ነበር?”

ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ተማሪዎቹ በየደጁ ተበትነው ሲለምኑ ከታች ይሰማል። አመሻሽ ላይ ከሌሎቹ ዘግይቶ እንደሚመጣ፤ የሰጠሁትን ተቀብሎ ቶሎ እንደማይሄድ፤ ዝናብ ሲሆን ደበሎውን ገልብጦ እንደሚደርብ፤ ሲያፍር ጆሮውን እንደሚነካ፤ ስሜን አንድ ጊዜ ብቻ እንደጠራው፤ ሁሉም ትዝ አለኝ።

“ተማሪው ብዙ ነበር እኮ” አልኋት። “አላስታውሰውም።”

ከዚያ የሚቀጥለውን ቤት አሳየኋት።